አንቱታ እና የዱር ተርኪ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ እኔን «አንተ» የማይለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ገብቼ ስቀመጥ፣ ጺሙ ገና ሁለት ፀጉር ያወጣ አስተናጋጅ «ምን ልታዘዝህ?» ይለኛል። በሹፍርና ሥራዬ ከአየር ማረፊያ የማመጣቸው የአገሬ ልጆች ሻንጣቸውን ሳነሳላቸው «ቀስ በል አንተ፣ ላፕቶፕ አለበት» ይሉኛል። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ወደ ኋላ አፈግፍጓል፣ ሆዴ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ፊት ሄዷል። ቢሆንም ቅር ብሎኝ አያውቅም። እዚህ አገር አንቱታ ከጉምሩክ አያልፍም ብለን ከሻንጣ አውጥተን የመጣን ሰዎች ነን።

አንድ ሰው ብቻ አንቱ ትለኛለች። እሷም ልጄ ናት።

ነጃት ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ኢንግልዉድ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ጠዋት «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። ከሥራ ስገባ «ጋሼ፣ ምሳዎን በሉ?» ትለኛለች። ጋሼ ሊሉኝ የሚገባቸው የእህቴ ልጆች ናቸው፤ እኔ አባቷ ነኝ። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ሞተችብን። ነጃት ሰባት ዓመት ሲሞላት እኔ ወደዚህ መጣሁ፣ እሷ ደሴ እህቴ ዘሀራ ዘንድ ቀረች። «ወረቀትሽ በስድስት ወር ያልቃል» ብያት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በዚህ መሀል የእህቴ ልጆች ጋሼ ሲሉኝ ሰምታ እሷም ጋሼ አለችኝ። እህቴ ደግሞ ስልኩን ባቀበለቻት ቁጥር «ትልቅ ሰው ነው፣ በወግ አናግሪው» እያለች አንቱታውን ጨመረችበት። አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗት አየር ማረፊያ ስትደርስ፣ አቅፌያት ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞዎት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነን። ልጄ ትናፍቀኛለች። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው፣ ስታስነጥስ ይሰማኛል፣ ግን ትናፍቀኛለች። ድሮ ጫንቃዬ ላይ ወጥታ ሁለት ጆሮዬን እየጎተተች «አባ፣ ፍጠን እንጂ፣ አንተ ሰነፍ» የምትለኝ ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ የት ገባች ብዬ እንዳልጠይቅ፣ እዚያው ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች። አሁን ደግሞ በመጪው መስከረም ወደ ሌላ ስቴት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ነው። በዚህ ጸደይ አንድ ቀን አንተ ካላለችኝ ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው በስልክ ነው። ስልክ አንቱታን እንደሚያፋፋ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ ቀስቱ ልግባ። ነጃት ኮሌጅ ውስጥ ትርፍ ሰዓት ለመሙላት ብላ የቀስት ትምህርት ወሰደች። እጇ ተሳካለት። አስተማሪዋም ተደንቀው የራሳቸውን አሮጌ የእንጨት ቀስት ሰጧት። የዘመኑ ቀስት መዘውር አለው፣ ማነጣጠሪያ አለው፣ ቡና ማፍላት ብቻ ነው የሚቀረው። የነጃት ግን እንጨትና ክር ነው፤ ሌላውን ዓይንና ክንድ ይሙሉት የሚል ነው።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ «ጋሼ፣ ቀስት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ከሰላምታና ከምሳ ሌላ ልጄ ከዚያ በፊት የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር «ቁልፉን የት አደረጉት?» ብቻ ነው። ስለ ራሴ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንዴት አላውቅም? ደጋን ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ» አልኳት።

ለእናንተ እውነቱን ልናገር። ደጋን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፍላጻ የሚወረወርበት ነው፤ ሌላው ጥጥ የሚነደፍበት ነው። እኔ ይዤ ያደግሁት ሁለተኛውን ነው። አክስቴ ጥጥ ስትነድፍ አጠገቧ ተቀምጬ ደጋኑን አቀብላት ነበር፤ እሷ ዞር ስትል ደግሞ ክሩን እየነካሁ ድምፁን እሰማ ነበር። በደጋን የጎዳሁት ነገር ቢኖር ጥጥ ነው። ስለዚህ አልዋሸሁም፤ ያላብራራሁት ነገር ነበር እንጂ።

«ሪሊ?» አለችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዓይኗ በራ። «ሶ፣ ተርኪ ሀንት ለማድረግ አብረውኝ ይሄዳሉ? የአስተማሪዬ ጓደኛ እርሻ አላቸው፣ ፐርሚሽን ሰጥተውኛል። ግን ብቻሽን አትምጪ ብለዋል።»

«አብረውኝ» የምትለዋን ቃል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ተርኪ ቀርቶ ዝሆን ብትለኝም እሄድ ነበር።

ተርኪ የምንለው እንግዲህ ያ ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ ነው። የዱሩ ግን ከሱቅ በረዶ ውስጥ እንደምናውቀው ዓይነት የዋህ አይደለም። ጸደይ ሲገባ ወንዱ ሴት ፍለጋ ይወጣል። አዳኙ ተደብቆ የሴቷን ድምፅ እያሰማ ይጠራዋል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሩቅ ይገላገለዋል፤ የእንጨት ቀስት የያዘ ግን አሥራ አምስት እርምጃ ያህል እስኪቀርብ መጠበቅ አለበት። ዓይኑ ደግሞ ጉድ ነው፤ ሽፋሽፍትህ ሲነቃነቅ ያይሃል። በጸደይ መገደል የሚፈቀደው ጺም ያለው ብቻ ነው፤ ጺሙ የሚበቅለው ግን ደረቱ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ለአደን ፈቃድ ፈተና ስቀመጥ ነው። በሁለተኛው ሙከራ አልፌያለሁ።

የሃይማኖቱን ጉዳይ ለመጠየቅ ሊትል ኢትዮጵያ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ጋሼ ይማም ሄድኩ። ጋሼ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፣ በርበሬም ምክርም ከእሳቸው ነው የምወስደው።

«ጋሼ ይማም፣ በቀስት የተመታ አውሬ ይበላል?» አልኳቸው።

«ቢስሚላህ ተብሎ ከተለቀቀ፣ ስለቱም ከወጋው ይበላል። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስክበት ደግሞ ታርደዋለህ። ማነው የሚወረውረው?»

«ነጃት ናት።»

«አንተስ ምን ታደርጋለህ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ የሥራ ክፍፍሉ ቀደም ብሎ ተወስኖ ነበር። ነጃት ችሎታዬን ልታይ መለማመጃ ሜዳ ወስዳኝ፣ ቀስቱን አስጨብጣኝ፣ «ጋሼ፣ ቦዲዎትን ሪላክስ ያድርጉት» ብላ አጠገቤ ቆመች። ሳብኩት። ለቀቅሁት። ፍላጻው እግሬ ሥር ሣሩ ላይ ወደቀ፣ ክሩ ግን ኢላማውን አልሳተም፤ የግራ ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ላጠው። ጥርሴን ነክሼ «ይህ ከኛ አገር ደጋን ትንሽ ይለያል» አልኩ። ክንዴ ዓይኗ እያየ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች።

«ጥጥ ነው» አልኳት። «ጥጥ ነበር የምንነድፍበት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጥጥ ነዳፊ ነዎት እኮ» እያለች ደጋግማ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰባት ዓመቷ ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበርና ክንዴ መቃጠሉን ረሳሁት። ግን አስተውሉልኝ፣ ስትስቅብኝ እንኳ በአንቱ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ ይማም «እኔ ሴቷን ሆኜ እጠራለሁ» ብዬ መለስኩላቸው። የሚመዝኑትን ምስር አቁመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አላህ ያግዝህ» አሉኝ። ምስሩ ላይ ትንሽ ምራቂ ጨመሩልኝ።

የመጥሪያዋ ነገር ራሱ አንድ ጣጣ ነው። ላንቃ ላይ የምትለጠፍ፣ የጥፍር ያህል ላስቲክ ናት። በላይዋ ላይ ትንፋሽ ሲያልፍ ሴቷ ተርኪ የምታወጣውን ድምፅ ታወጣለች ይባላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ልውጣት ምንም አልቀረኝ፣ በሁለተኛው ቀን የበር ማጠፊያ ድምፅ አወጣሁ፣ በሳምንቱ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ቤት ሲከለከል መኪና ውስጥ ቀጠልኩ። ሚራክል ማይል ሰፈር አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ፓርክ አድርጌ ደንበኛ ስጠብቅ፣ ድምፁ እየተስተጋባ ሲመጣ ደስ ብሎኝ አሥር ጊዜ ያህል ጠራሁ። በተርኪ ፋንታ የጥበቃ ሠራተኛው መጣ። መስኮቴን አንኳኩቶ «መኪናው ውስጥ እንስሳ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ላስቲኳን ማውጣቱን ረስቼ «የለም» ልል አፌን ብከፍት የወጣው ከበፊቱ ሁሉ የበለጠ ግሩም የሴት ተርኪ ድምፅ ነበር። የዕቃ መጫኛውን አስከፍቶ፣ ከወንበር ሥር አጎንብሶ አይቶ፣ ምንም ሲያጣ በጥርጣሬ ሸኘኝ። ለነጃት ስነግራት «ዩ አር ሬዲ» አለችኝ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔ ግን የፈለግሁትን መርጬ ሰማሁ።

አርብ ከሰዓት ወደ ሰሜን ድራይቭ አድርገን እርሻው አጠገብ ሞቴል አደርን። ቅዳሜ ሱብሂን እርሻው በር ላይ ሣር ላይ ሰገድን። ከዚያ ነጃት ቀስቷን ይዛ ፊት ፊት፣ እኔ የውሃውንና የሳንድዊቹን ቦርሳ ተሸክሜ ኋላ ኋላ ሄድን። ነገሩን ሁሉ አስቀድማ አጥንታዋለች። እሷ የወደቀ ግንድ ከልላ ተንበረከከች፤ እኔ አምስት እርምጃ ያህል ከኋላዋ አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሰናል። እሷ ቅጠል መስላለች። እኔ ምንጣፍ እመስላለሁ።

ፀሐይ ልትወጣ ስትል ጠራሁ። ከኮረብታው ማዶ መልስ መጣ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሽማግሌ ሲጉመጠመጥ የሚያሰማውን ድምፅ አስቡት፤ እሱን በአሥር አባዙት። ነጃት ሳትዞር አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። በዚያች አውራ ጣት ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። እሱ ይጉመጠመጣል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ይቀርባል ስንል ይርቃል። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። እግሬ ደንዝዞ የእኔ መሆኑን እስክጠራጠር ደረስኩ። ጉንዳን በአንገቴ ገብቶ በወገቤ በኩል ጉብኝት ጀመረ። እኔ ግን ጀርባዋን እያየሁ ነበር። አንድ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ልክ እንደ እናቷ። ይህን ማድረግ መቼ እንደጀመረች አላውቅም፤ በዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ልጅ ሲያድግ ምን ምን እንደሚያደርግ ሌላ ሰው ነው ያየልኝ። እዚያ ዛፍ ሥር፣ አፌ ውስጥ ላስቲክ ይዤ፣ ሆዴ ባባ።

በዚህ ጊዜ ነው ወንዱ የመጣው። ከግራ በኩል፣ ጭራውን ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱ ቀይም ሰማያዊም ሆኖ፣ ጺሙን እስከ መሬት ጥሎ እየተንጎራደደ ወጣ። ነጃት ቀስቷን በቀስታ አነሳች። በመካከላቸው አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። ሦስት እርምጃ ቢጨምር ይጋለጣል።

ሁለተኛው መኖሩን ግን ማናችንም አላወቅንም። ከኋላዬ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ዓይኔን ብቻ ወደ ቀኝ ባዞር ሌላ ጺማም ትከሻዬ አጠገብ ቆሟል። ጥሪዬን ከልቡ አምኖ የመጣ እሱ ነው። አንገቱን እያስረዘመ ወደ ኋላ ከተንሸራተተው ባርኔጣዬ ሥር መላጣዬን አየ፣ ክንዴን አየ፣ እንደገና መላጣዬን አየ። ሙሽራ ሊያይ መጥቶ እኔን ያገኘ ሰው ምን እንደሚሰማው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በዚያው ቅጽበት ላስቲኳ ከላንቃዬ ተላቃ ወደ ጉሮሮዬ መንገድ ጀመረች። ሳል መጣ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ከሥሬ ያለው ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

ነጃት አልዞረችም። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ «አባ፣ አትነቃነቅ» አለችኝ።

አትነቃነቅ። አይነቃነቁ አላለችም። አባ አለች፣ ጋሼ አላለችም። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ነገር በሁለት ቃል ነገረችኝ። እናንተ ብትሆኑ ትነቃነቁ ነበር ወይስ አትነቃነቁም ነበር? እኔማ ብድግ አልኩ። በደነዘዘ እግሬ ቆሜ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «ምን አልሽኝ?» አልኳት።

ከኋላዬ ያለው ባርኔጣዬን በክንፉ መትቶ ተነሳ። የፊተኛው መሬት ለመሬት ነጎደ፤ ያን ያህል ግዙፍ ነገር እንዲያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። እኔ እግሬ ከድቶኝ የሳንድዊቹ ቦርሳ ላይ ዘጭ አልኩ። ላስቲኳ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነጃት ቀስቷን አውርዳ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። «ምን ሆነህ ነው? ሦስት እርምጃ እኮ ነው የቀረው፣ አላየኸውም? ሁለት ወር ፕራክቲስ ያደረግሁት ለዚህ ነው፣ ለምን ትነሳለህ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ማዘን እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ አዝኛለሁም። ግን «ሆነህ» አለች፣ «አላየኸውም» አለች፣ «ትነሳለህ» አለች፤ እየቆጠርኩ ነበር።

«ደግሞ ትስቃለህ?» አለች።

«አንተ አልሽኝ እኮ» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ተንበርክካ የወደቀውን ባርኔጣዬን አነሳች፣ አራገፈች፣ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች። «ደንግጬ ነው።»

እስከ ዙሁር ሶላት፣ እስከ ቀትር ቆየን። ሌላ አልመጣም። ላስቲኳም ስለሌለች የምንጠራበት አልነበረንም።

ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። በመንገዳችን ያለውን ተራራ ወርደን መንገዱ ሲሰፋ፣ ከዚህ በኋላ ላልጠይቅ እችላለሁ ብዬ ፈራሁና ጠየቅኋት። «ነጃት፣ አንቱ የምትዪኝ ስለምታከብሪኝ ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር አለው?»

ቀስቷን ጭኗ ላይ አጋድማ ክሩን እየነካካች ቆየች።

«አንተ የምለው አባ ሄደ» አለችኝ። «በየኢዱ ይመጣል ይሉኝ ነበር። ልብስ እለብስና በር ላይ እቀመጥ ነበር። እዚህ ስመጣ ኤርፖርት የጠበቁኝ ሌላ ሰው ነበሩ። ጥሩ ሰው ነዎት። እወድዎታለሁ። ግን አንተ ልል ስል አፌ ላይ ይቆማል።»

ለሰው ሁሉ የምናገረው ወረቀቱ ዘገየ የሚለውን ነው። ለእሷ ግን ሌላውን ነገርኳት። «ሦስተኛው ዓመት ላይ መጥቼ ላይሽ እችል ነበር» አልኳት። «የመኖሪያ ፈቃዴ ወጥቶ ነበር። ሥራዬን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። በሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ አልኩ፣ እንደገና በሚቀጥለው አልኩ። ወረቀቱ ብቻ አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም፣ ይቅር ብያለሁም አላለችም። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ በመስኮት ማየት ቀጠለች። አንዳንድ ነገር ከተባለ በኋላ መንዳት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከተማው ገብተን ኢንግልዉድ ስንቃረብ ዓይኔ መንገዱ ላይ ቢሆንም ልቤ እዚያ አልነበረም። ከፍጥነት መንገዱ የምንወርድበት መውጫችን ደረሰ። በስተቀኜ ሲያልፍ እንኳ አላየሁትም።

«መውጫውን እያለፍ…» አለችና አቆመች።

እያለፉ ልትል የነበረች ልጅ ፉ ትላለች። እኔ የሰማሁት ፍን ነው። ዞር ብዬ አየኋት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ቃሉን አልጨረሰችውም፣ አላረመችውም። እኔም ምን አልሽኝ አላልኩም፤ እሱን ጠዋት ተምሬዋለሁ።

የሚቀጥለው መውጫ ቅርብ ነበር። እሱንም ሆን ብዬ አለፍኩት። ነጃት አየችኝ፣ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድማ ጫማዋን አወለቀች።